የጋሽ ነፋስ ሕይወትና ያልተዘሩት ሃያ ሦስት ማሳዎች

ጋሽ ነፋስ ከአገዳ ቆራጭ አባታቸውና ከአረም ነቃይ እናታቸው በሸንኮራ እርሻው የሠራተኞች ሰፈር፣ በሦስተኛው መስመር አሥራ አራተኛ ክፍል፣ ከዛሬ ስድሳ ስድስት ዓመት በፊት ተወለዱ። የመዝገብ ስማቸውን ከቤተሰቡ በቀር የሚያውቅ ስለሌለ፣ ይህን ታሪክ የጻፈችው ታላቅ ልጃቸውም ሁላችሁ በምትጠሯቸው ስም ትጠራቸዋለች።

በኩባንያው ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። ሰባተኛ ክፍል ያለው ከተማ ነበርና ትምህርታቸው በዚያው ቀረ። በአሥራ ስድስት ዓመታቸው በእሳት ቡድኑ ውስጥ ተቀጠሩ። እዚህ ያደገ ሁሉ እንደሚያውቀው አገዳ ከመቆረጡ በፊት ማሳው ይቃጠላል፤ ከተቆረጠም በኋላ መሬት ላይ የቀረው ደረቅ ቅጠል ሳይቃጠል አዲስ ተክል አይገባም። ጋሽ ነፋስ አፈር ቆንጥረው ወደ ላይ በትነው፣ ነፋሱን አይተው፣ እሳቱ የት ተነስቶ የት እንደሚቆም ይናገሩ ነበር። በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው የቡድኑ አለቃ ሆኑ። በእሳቸው ዘመን አንድም ቤት አልተቃጠለም፣ አንድም ሰው አልተጎዳም።

ባለቤታቸውን ያገኙት ሚዛን ቤት ነው፤ ባለቤታቸው ያን ጊዜ አገዳ የጫነ መኪና ይመዝኑ ነበር። በተጋቡ በሳምንቱ የታጠበው ልብስ ሁሉ ጥላሸት ለበሰ። «የአገሩን ነፋስ ታውቃለህ፣ የኔን ልብስ ማስጫ ግን አታውቅም!» ያሏቸው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ የቃጠሎ ቀን ሲደርስ ጋሽ ነፋስ መጀመሪያ የሚያሳውቁት ሥራ አስኪያጁን ሳይሆን ሚስታቸውን ነበር። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወልደው አሳደጉ።

ሃምሳ አምስት ዓመት ሲሞላቸው ኩባንያው ተዘጋ። መሬቱ ጦም አደረ፤ ሰፈሩም ሥራ ፈታ። ጋሽ ነፋስ ከስድሳ ዓመታቸው ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ፣ መሬቱ ለቀድሞ ሠራተኞች ተሰጥቶ የምንበላውን እንድናርስበት ማመልከቻ ይዘው ወደ እርሻ ቢሮው ተመላለሱ። በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ከመቀመጣቸው ብዛት ጸሐፊዋ የቢሮው ባልደረባ መስለዋት ደብዳቤ እንዲያደርሱ ልካቸዋለች። አድርሰዋል።

በመጨረሻ መንግሥት ፈቀደ። አርባ ማሳ ለአርባ ቤተሰብ፣ የውሃ ማጠጫ ቱቦ፣ ፓምፕ፣ የበቆሎና የቦሎቄ ዘር ሰጠ። ያን ቀን ጋሽ ነፋስ ደስታቸውን መያዝ አቅቷቸው በየበሩ እያንኳኩ ተናገሩ።

ቱቦው በተዘረጋባቸው ሁለት ቀናት ሰፈር አልነበሩም፤ ባለቤታቸውን ለዓይን ሕክምና ከተማ ወስደው ነበር። ሠራተኞቹ ቀጭኑን ጥቁር ቱቦ በየማሳው ዘርግተው ፀሐይ እንዳይጎዳው ደረቅ የአገዳ ቅጠል አለበሱት። ጋሽ ነፋስ ያውቃሉ ብሎ ሁሉም ስላሰበ የነገራቸው የለም። ሲመለሱ በቅጠል የተሸፈነ መሬት አዩ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የሠራ እጅ ሌላ ምን ያስባል? ዘሩ ሲመጣ መሬቱ ጸድቶ ይጠብቅ ብለው ማልደው ወጡ፣ አፈር በተኑ፣ ለኮሱ። እሳቱ አንዲት ፍንጣሪ እንኳ ከመንገድ ሳያሻግር ነደደ። የፕላስቲክ ሽታ ሲመጣ ግን ገባቸው። ባሉበት ቁጭ አሉ። ታላቅ ልጃቸው ደርሳ ደግፋ አነሳቻቸው።

የአርባዎቹ ቤተሰቦች ማኅበር ሊቀመንበር ሰዉን ሰብስቦ፣ «እሳቱ ከመንገድ ነው የመጣው እንበል፤ አደጋ ከሆነ ቢሮው ቱቦውን ይተካልናል» አለ። ሁሉም ተስማማ። የእርሻ ቢሮው መርማሪ ስብሰባው ላይ በመጣ ጊዜ ግን ጋሽ ነፋስ ብድግ ብለው፣ «እኔ ነኝ ያቃጠልኩት። ሳላውቅ ነው፣ ግን እኔ ነኝ» አሉ። ቢሮው ቱቦውን አልተካም። ዓመት ሳይሞላ አርባውም ማሳ ተዘርቶ ካልተገኘ መሬቱ ለጨረታ እንደሚቀርብ የሚገልጽ ደብዳቤም ላከ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እዚህ የቆምን ሁላችን እናውቃለን። በሰላምታ ያለፋቸው ጥቂት ሰው ነው። «ለእውነት ብሎ ልጆቻችንን ጦም አሳደረ» ተባለ። ታላቅ ልጃቸውም ራሷ አንድ ቀን በንዴት ይህንኑ ብላቸዋለች፤ እሳቸው መቆፈሪያቸውን አንስተው ወደ ማሳው ወጡ፣ እሷንም እስከ ዛሬ ይቆጫታል። ለምን እንደተናገሩ የሰማችው ባረፉበት ዕለት፣ ማክሰኞ ማታ፣ ከማሳው ዘበኛ አፍ ነው። መርማሪው ወደ ስብሰባው ከመግባቱ በፊት፣ እሳት አስነስቷል ብሎ የዘበኛውን ስም ጽፎ ጨርሶ ነበር። ዘበኛው አራት ልጆች አሉት። ጋሽ ነፋስ ወረቀቱን አዩ፤ ዘበኛውንም ለማንም እንዳይናገር አስማሉት፣ ሰው እንዳይጠላው ብለው።

የአርባ ዓመት ጭስ ደረታቸውን ጎድቶት ነበር። ሐኪሙ አቧራ አትንኩ አላቸው። እሳቸው ግን ዝናብ በጣለ ቁጥር እየቆፈሩ፣ ዝናብ ሲጠፋም ከቦዩ በጀሪካን እየቀዱ የራሳቸውን ማሳ ዘሩ፤ ከዚያም ተስፋ ቆርጠው የተዉትን የጎረቤቶች ማሳ ቀጠሉ። የማያናግራቸውን ሰው ማሳ ሳይቀር ይዘሩ ነበር። ባለቤታቸውና ልጃቸው እያገዟቸው ስድስት ማሳ ጨረሱ፤ አሥራ አንዱን ባለማሳዎቹ ራሳቸው ዘርተዋል። ሃያ ሦስቱ ባዶ ነው። ማክሰኞ ጠዋት በሰባተኛው ማሳ ላይ፣ ዘር እንደያዙ ወደቁ። ሐኪም ቤት ሳይደርሱ አረፉ።

ጋሽ ነፋስ የአንዲት ሚስት ባል፣ የሦስት ልጆች አባትና የሁለት ልጆች አያት ነበሩ። አርባው ማሳ መዘራቱን የሚያዩት የቢሮው መርማሪዎች ቅዳሜ ይመጣሉ። ዛሬ ሐሙስ ነው።

ስለዚህ ቤተሰቡ አንድ ነገር ይለምናችኋል። ከቀብር በኋላ ለማጽናናት ወደ ቤት አትምጡ፤ ቤት ሰው የለም። ባለቤታቸው የዘር ማከማቻውን ቁልፍ ይዘው በማከማቻው በር ላይ ይጠብቋችኋል። መቆፈሪያ ያለው መቆፈሪያ፣ ጀሪካን ያለው ጀሪካን ይዞ ይምጣ። የተቀየማቸውም ይምጣ፤ እሳቸው አልተቀየሙም። ሰባተኛው ማሳ ላይ ከጀመሩት መስመር ግማሹ ቀርቷል፤ እሱን ልጃቸው ትጨርሰዋለች።

ፈጣሪ ለነፍሳቸው ነፋስ ጸጥ ያለበትን ማረፊያ ይስጥልን፤ ለእኛም እስከ ቅዳሜ ጉልበት ይስጠን።