በወንድሜ ፎቶ ላይ የበቀለው ሪዝ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ነሐሴ 24 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለወንድሜ፦

ከሁሉ አስቀድሞ ቁጭ በል። ወንበር ከሌለ ድንጋይ ላይ፣ ድንጋይ ከሌለ ጓደኛህ ላይ ተቀመጥ። ቆብህንም አውልቅ። በቤታችን የደረሰውን ከባድ አደጋ የማሳውቅህ በታላቅ ኀዘን ነውና። እነሆ፦ ሪዝ አብቅለሃል። ቀለሙ ሰማያዊ ነው። ጫፍና ጫፉ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ሪዝ ወደ ላይ ቆልመም ብሏል። ከበቀለ ዓመት አልፎታል፤ ምላጭም አይነካው።

አሁን ተነስና ሰላምታዬን ተቀበል። እንደምን ከርመሃል? ብርዱስ፣ አቧራውስ እንዴት ይዞሃል? እኔ አለሁ፤ አልወፈርኩም፣ ብልህም አልሆንኩም። እማዬም አለች። ጉልበቷ ዳገት ጠልቷል፣ ዓይኗ ቀጭን ፈትል ጠልቷል፣ እሷ ደግሞ እኔን ጠልታኛለች፤ የቀረው እንደነበረ ነው።

የመስቀልን ቅቤ ማጠራቀም የጀመረችው በሰኔ ነው። አክስታችን ከዶርዜ የላከችውን ለብቻ፣ ከገበያ የገዛችውን ለብቻ አስቀመጠች፤ ካንዱ ቅል አንገት ላይ ቀይ ክር አሰረች። ያ ያንተ ነው። ጣቴን ልሰድ ብል በእንዝርት መታችኝ። አዲስ አበባ ያለ ሸማኔ ሁሉ ለመስቀል እየተጫነ ሲመጣ የእኔ ልጅ ለምን ይቀራል፣ ወታደርም ቢሆን የመስቀል ፈቃድ ይሰጠዋል ትላለች። ማን እንደነገራት አላውቅም። እኔ አይደለሁም።

ወደ ሪዝህ ልመለስ። የሄድክ ቀን፣ መነኸሪያው በር ላይ ያ ዞሮ የሚያነሳ ፎቶ አንሺ ያነሳህን ታስታውሳለህ? አፍህን ከፍተህ ትስቃለህ፤ በአንድ እጅህ እኔን ከፎቶው ውጪ ትገፋኛለህ። የትምህርት ቤት መታወቂያህን ይዘህ ስለሄድክ ለእማዬ የቀራት ያንተ መልክ እሱ ብቻ ነው። መስታወት ውስጥ አስገብታ ከፈትሏ ፊት ለፊት ሰቀለችው። በየጠዋቱ በነጠላዋ ጫፍ ትወለውለዋለች።

ከሄድክ በሳምንቱ ተናደድኩብህ። ሳታማክረኝ ሄድክ፣ ኳሳችንን ለሰው ሰጥተህብኝ ሄድክ፣ ደግሞ ግድግዳ ላይ ሆነህ ትስቅብኛለህ። እማዬ ገበያ ስትወጣ ፎቶውን ከመስታወቱ አወጣሁና በቢክ እስክሪብቶ ሪዝ ሠራሁልህ። ብቻዬን እንዴት እንደሳቅሁ! ከዚያ በምራቅ ላጠፋው ስል ተዝረከረከ። ጥጥ በነጭ ጋዝ ነክሬ ሳሸው ሪዙ ለቀቀ። ከንፈርህም አብሮት ለቀቀ። ጥርስህም። ከአፍንጫህ ሥር ነጭ ወረቀት ብቻ ቀረ።

እማዬ የምትመለስበት ሰዓት ደርሷል። ምን ይደረግ? ሪዙን መልሼ ሣልኩት፤ ያሁኑን ሰፋ አድርጌ፣ ነጩ ላይ። መስታወቱ ውስጥ ከትቼ ሰቀልኩህ። ስለዚህ ሪዝ ያልኩህ ሪዝ አይደለም፤ ክዳን ነው። እማዬ ዓይኗ ደክሟል፣ አላየችም ብዬ ዓመት ሙሉ እንደ ጨዋ ሰው ኖርኩ።

ዘንድሮ ቅሉ ላይ ያን ቀይ ክር ስታስር ነው የፈራሁት። ለመስቀል መጥተህ ብታየው ታንቀኛለህ። ባትመጣ ደግሞ እማዬ ዕድሜዋን ሁሉ የምትወለውለው ያን ክዳን ነው። ሁለቱንም አስቤ አፍህን መልሼ ልሥራ ብዬ ተነሳሁ።

ፎቶ አንሺውን ፈልጌ አገኘሁት፤ ኔጋቲቩን እርጥበት በልቶታል። ፎቶ አይቶ ኮምፒዩተር ውስጥ የሚያስገባ መሣሪያ አለ ይላሉ፤ እዚህ የለም። እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ሸዋንዳኝ፣ ያ ማኅተም የምቀርጽለት አሠሪዬ፣ ለሱቁ ኮምፒዩተር አምጥቷል። የምታንቀሳቅሰው ምኞት የምትባል ጸሐፊ ናት፤ ከእኔ በሁለት ዓመት ብትበልጥ ነው፣ የምትቆጣው ግን እንደ ርእሰ መምህር ነው። በምሳ ሰዓት፣ ጋሽ ሸዋንዳኝ ሲያንቀላፋ፣ የሥዕሉን ፕሮግራም ከፍታ ማውሱን ታስጨብጠኛለች።

መጀመሪያ አንዱን ገጽ ብቻ ይዤ እሥላለሁ፣ አጠፋለሁ፣ እሥላለሁ፣ አጠፋለሁ። ሦስት ሳምንት ለፍቼ በእጄ ምንም የለም። ምኞት አይታ፣ ከስምንተኛ ክፍል መውጣትህ ያስታውቃል አለችኝ። የተሳሳትከውን ካጠፋኸው ነገም ያንኑ ትሳሳታለህ፤ አታጥፋ፣ ገጽ ጨምር አለች። ለካ አንዱ ፋይል እንደ ደብተር ነው፣ የፈለግከውን ያህል ገጽ ይይዛል! የመጀመሪያውን እናት ገጽ ብላ ጠራችው። እሱ ላይ ከፎቶው የተረፈልንን ሁሉ ሣልኩ፦ ግንባርህን፣ ቅንድብህን፣ ያን የድስት ጆሮህን። እናት ገጹ ላይ ያለ ሁሉ በየገጹ ራሱ ይመጣል። እኔ አዲሱ ገጽ ላይ የምጨምረው አፍ ብቻ ነው። በቀን አንድ ገጽ፣ በቀን አንድ አፍ። የሞከርኩትን ከታች እጽፋለሁ። ገጽ ሦስት፦ ከንፈሩ ቀጠነ። ገጽ ሰባት፦ ጥርስ ጨመርኩ፣ ፈረስ ሆነ። ገጽ ዐሥራ አንድ፦ መብራት ሄደ፣ ግማሽ አፍ ቀረ። አርብ አርብ ሁሉንም ከፊት ወደ ኋላ እያገላበጥን እናያለን፤ ምኞት የቱ ከየቱ እንደሚሻል ታስመርጠኛለች።

አንድ ቀን ሰለቸኝና እናት ገጹ ላይ ቀንድ አበቀልኩልህ። በሁሉም ገጽ ላይ ቀንዳም ሆንክ! ምኞት ጮኸችብኝ፤ ወንድምህ ምን በደለህ አለችኝ። ናፍቆኝ ነው አልኳት። ቀንዱን ራሷ አጠፋችው።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ፤ እንዳትስቅ። አፍህን ረስቼዋለሁ። የሚወጣውን አልረሳሁም፤ ስድብህን፣ ፉጨትህን፣ ስትተኛ እንኳ የምታወራውን። ድምፅህን አስመስዬ ብጣራ እማዬ እንኳ ዘወር ትላለች። መልኩ ግን የለም። አብረን አድገን፣ ከአንድ ሳህን በልተን፣ አፍህን አንድ ቀን ልብ ብዬ አላየሁትም። ቢቸግረኝ የመላጫ መስታወት ይዤ የራሴን እያየሁ ሣልኩ።

ገጽ ዐሥራ ዘጠኝ ላይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል፣ ሳይሄድ ብዬ አንድ መስመር ጎትቼ ተነሳሁ። የተዘጋ አፍ ሆነ። ከሥሩ ዋጋ የለውም ብዬ ጻፍኩ። ያንተ አፍ መቼ ተዘግቶ ያውቃል?

በዚህ ወር አጋማሽ ታምሩ መጣ። በጥር በጻፍክልን፣ የመጨረሻ በሆነው ደብዳቤህ፣ ከአንድ የካምባ ልጅ ጋር በአንድ ብርድ ልብስ እንተኛለን ያልከው፣ እሱ ነው። ወደ አገሩ ሊገባ አርባ ምንጭ አደረ። ደብዳቤያችን በጋሽ ሸዋንዳኝ ፖስታ ሳጥን ስለሚመጣ ሱቁን ጠይቆ ደረሰ። ቤት እንሂድ፣ እማዬ ትይህ አልኩት። አይሆንም አለኝ። ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። ይሄንን ዱላ ከየት ሰረቅከው አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ዝም ማለት እንደማልችል ታውቃለህ። ና ወንድሜን ላሳይህ ብዬ ፋይሉን ከፈትኩለት። ሠላሳ ሰባት ገጽ ደርሼ ነበር። አንድ በአንድ አገላበጥኩለት። ይሄ ነው? አይደለም። ይሄስ? አይደለም። ገጽ ሰባት ላይ፣ ፈረሱ ላይ፣ ትንሽ ፈገግ አለ። ዐሥራ ዘጠኝ ላይ ስንደርስ እጁን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ። ይሄ ነው አለ። ኧረ ተው፣ ይሄማ ዋጋ የለውም ያልኩት ነው፣ ወንድሜ አፉ አይዘጋም አልኩት። እኔ መጨረሻ ያየሁት እንዲህ ሆኖ ነው አለኝ።

ምኞት ተነስታ ወጣች።

ታምሩ ከካፖርቱ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ሰጠኝ። የላክሁልህ ሦስቱ ደብዳቤዎች ናቸው። ሁሉንም ከፍተህ አንብበሃል፤ እጥፋታቸው አልቋል። በሦስተኛው ጀርባ ላይ እኔን ሥለኸኛል። ሪዝ ሰጥተኸኛል። ቀንድም ጨምረሃል። አንተ ሌባ፣ ከእኔ ቀድመሃል! ሥዕልህ ግን ከእኔ የባሰ ነው፤ ገጽ ጨምር የሚልህ ሰው አጥተህ ነው።

ታምሩ ሲነሳ፣ ለእናትህ እስከ መስቀል ምንም አትበል አለኝ፤ ቅቤው ይበላ። ከመስቀል በኋላ ትልልቅ ሰዎች በጠዋት ይመጣሉ አለ። እሺ አልኩት። እሱን ሸኝቼ ስመለስ የማስበው ሌላ ነገር አልነበረም፤ ያ ሪዝ ብቻ። ያን ቀን ፎቶህን ሰው ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ከዶርዜ የሚወርደው ዘመድ ሁሉ ያየዋል። በትራፊክ ፖሊስ ሪዝ እንዴት ይሆናል?

በማግስቱ ገጽ ሠላሳ ሰባትን፣ የሚስቀውን፣ አተምነው። ቀለም የሚሰስተው ጋሽ ሸዋንዳኝ ራሱ ወፍራሙን ወረቀት አውጥቶ አስገባ። ምኞት ምን ብላ እንደነገረችው አልጠየቅሁም። ይዤ ቤት ሄድኩና እማዬን፣ በዓሉ እየደረሰ ነው፣ ያን አሮጌ ፎቶ ልቀይርልሽ አልኳት።

እማዬ ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን ወስዳ ብዙ አየችው። ግንባሩ የእሱ ነው አለች። ጆሮውም የእሱ ነው። አፉ ግን ያንተ ነው፤ ምን ሆነና ነው ያንተን ያዋስከው አለችኝ። ያኔ ተናዘዝኩ፤ ቢኩን፣ ጋዙን፣ ክዳኑን። ታምሩን አልነገርኳትም። እንዝርቷን አንስታ ስታሾር ቆየች። ከሄደ በሳምንቱ ነው ያየሁት አለችኝ። ዓይኔ ቢደክም አፍንጫዬ ደከመ እንዴ? ፎቶው ጋዝ ጋዝ ይሸት አልነበር? ታዲያ ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አልሽኝ አልኳት። እኔማ ምን አደርግሃለሁ፣ እሱ ሲመጣ ይቅጣህ ብዬ ነው ያቆየሁልህ አለችኝ።

ወጥቼ እንጨት ፈለጥኩ። የተፈለጠ እንጨት ሞልቶን ነበር።

ስመለስ ሥዕሉን ከፎቶው ጎን ሰቅላዋለች። አሁን ግድግዳችን ላይ ሁለት ነህ፤ አንዱ በሪዝ፣ አንዱ በእኔ አፍ። ዛሬ ጠዋት ሁለቱንም በነጠላዋ ስትወለውል አየኋት። ገጽ ዐሥራ ዘጠኝን አላተምኩትም። አላጠፋሁትምም። ከሥሩ የጻፍኩትን ብቻ ነው የሰረዝኩት።

ይህን ደብዳቤ ቴምብር አልለጠፍኩበትም፤ ከሦስቱ ጋር በላስቲኩ አስቀምጠዋለሁ። ምኞት ሰላም ትልሃለች፤ አታውቃትም፣ እሷ ግን አፍህን ሠላሳ ሰባት ጊዜ አይታዋለች። እማዬ በየጠዋቱ መስታወቱን እየወለወለች የምትመርቅህ ምርቃት ሁሉ ይድረስህ። ብርድ አይንካህ። ያለህበት ይቅለልህ።

መግቢያው ላይ ከባድ አደጋ ብዬ ያስደነገጥኩህን ግን አታካብደው። ሲታሰብ ተራ ነገር ነው፤ አንድ ጣት የማይሞላ፣ በነጭ ጋዝ የሚለቅ፣ የቢክ ሪዝ ነው።

ቅጣቱ የቆየለት፣
ታናሽ ወንድምህ