ልጅቱ እንዳትሰማ

ሰኞ፣ ኅዳር 12

ዛሬም ተቀምጣ አገኘኋት። ሰማዩ ገና ሳይገረጣ፣ ጉልበቷን አቅፋ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ። ልብሷ በላብ ርሷል። «ምን ሆንሽ?» አልኋት። «ምንም» አለች። ምንም የሚባል ሕመም የለም።

ትርንጎ የልጄ የአየነው ልጅ ናት፤ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። እናቷ ካረፈች ወዲህ ከኔ ጎን ነው የምትተኛው። ይህ ነገር የጀመራት ወንድሟ ደሳለኝ በጥቅምት ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ በኋላ ነው። ጎሕ ሲቀድ ትንፋሿ ያጥራታል። ጠዋት ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥላታል። ዘንድሮ ደግሞ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈታኝ ናት። ጠበል አስጠምቄያታለሁ። ከጠበሉ ስትመለስ ፊቷ ይፈታል፤ ቀኑን ሰላም ትውላለች። ጎሕ ሲቀድ ያው ነው።

ማታ አየነው ከፋብሪካ ሲመለስ ነገሩን ቆርጦ መጣ። በእሑዱ ጀልባ ሐይቁን አሻግሮ ደልጊ ይወስዳታል። እዚያ አንድ ዐዋቂ አለ፤ ጎሕ ሲቀድ የሚመጣ መንፈስ በስሙ ጠርቶ ያስለቅቃል አሉት። እስከ ፋሲካ እሱ ዘንድ መቀመጥ አለባት። ትምህርቷም ቀረ ማለት ነው።

«በመሪጌታ ቤት አድጌ የልጄን ልጅ ለጠንቋይ?» አልሁት።

«ጠንቋይ አይደለም እምዬ፣ ዐዋቂ ነው።»

ስሙን ቢለውጡት ሥራው አይለወጥም። ይህንኑ ነገርሁት።

«እርስዎ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ፊደል ያቃናሉ» አለኝ፤ «ለዚች ልጅ ግን መላ አለዎት?»

እስከ እሑድ ታገሠኝ አልሁት። ራቱን ሳይጨርስ ተነሣ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 13

ትምህርት ቤት ሄድሁ። መምህርቷ ወጣት ናት፤ ነጠላዋን አጣፍታ አነጋገረችኝ። ትርንጎን አትወቅሳትም። ጠልታታለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እንዲያውም ስታንቀላፋ መስኮቱ አጠገብ ታስቀምጣታለች።

በሆስፒታሉ አዲስ ነርስ መጥቷል አለችኝ። አዲስ አበባ ለዚሁ ነገር ተምሮ የመጣ።

«የእብድ ሐኪም ነው?»

«የጭንቀትም ነው፣ እናቴ።»

«ለልጅም?»

«ለልጅም።»

ለትርንጎ ነገርኋት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ሰው ቢያየንስ?» ብላ ነው። ለዓይኔ ነው የመጣነው እንላለን አልሁ። ሐሰት የተናገረ ሕፃን ከአባቴ አለንጋ አያመልጥም ነበር። አባቴ ይቅር ይበለኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 14

ከዓባይ ማዶ በእግራችን ተነሥተን ድልድዩን ተሻገርን። ድልድይ ጠባቂው ወታደር ወዴት ናችሁ ሲል ለዓይኔ አልሁ። ሁለተኛው ሐሰት ከመጀመሪያው ይቀላል።

በመተላለፊያው የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው ሚስት ከልጇ ጋር ተቀምጣለች። «ለጥርሱ ነው» አለችኝ ሳልጠይቃት። «እኔም ለዓይኔ ነው» አልኋት። ሁለታችንም የምንጠብቀው አንድ በር መሆኑ ሲገለጥ ለጥቂት ጊዜ መሬት መሬት አየን። ከዚያ ፈገግ አለችና በወንበሩ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልን።

በሩ ላይ በጠመኔ «የአይምሮ ህክምና» ተብሎ ተጽፏል። እግሬ ቆመ። አእምሮ ብሎ መጻፍ ያልቻለ ሰው አእምሮን ሊያክም? ልመለስ ስል ትርንጎ ነጠላዬን ጎተተችኝ። «እምዬ፣ እንግባ» አለች። ከስንት ቀን በኋላ አንድ ነገር ፈለገች። ገባሁ።

ነርሱ የነቀምት ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ካልሲው የተጣፈ ግን ንጹሕ። «እማማ፣ ለአፍታ ውጭ ይቆዩልን» አለኝ። እኔን። በልጄ ልጅ ጉዳይ። ወጣሁ፤ ነገር ግን መውጣቴን እንዲያውቀው አድርጌ ወጣሁ።

ሲጠራኝ የትርንጎ ዓይን ቀልቷል፤ ትከሻዋ ግን ወርዷል። ነርሱ ያለኝ ይህን ነው፦ «ልጅቷ የምትፈራው ነገር አለ። የሷ ስለሆነ እኔ አላወራም፤ ስትችል ራሷ ትነግርዎታለች። እርስዎ ነገ ጎሕ ሲቀድ ከአልጋ አይውረዱ። ከጎኗ ተኝተው እሷ የምትሰማውን ይስሙ።»

«መድኃኒቱስ?»

«ለጊዜው ይኸው ነው።»

ለዚህ ነው ዓባይን የተሻገርሁት? ከሕፃንነቴ ጀምሮ ጎሕ በመኝታዬ ላይ አግኝቶኝ አያውቅም። ስወጣ ግን በሩ ላይ ያለውን ነገርሁት። «አእምሮ ነው። አእመረ፣ ዐወቀ ካለው የወጣ» አልሁት። ራሱን አከከ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 15

ጾመ ነቢያት ዛሬ ገባ። ዛሬ ኪዳን አላደረስሁም።

እንደታዘዝሁት ተኛሁ። ዶሮ ጮኸ። ትርንጎ ነቃች፤ ትንፋሿን ይዛ ጆሮዋን ወደ በሩ አቀናች። ጥቂት ቆይቶ የእግር ኮቴ መጣ። የብዙ ሰው ኮቴ ነው፤ በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሹክሹክታ። ነጠላ ሲንሿሿ። ከዚያ አንድ ድምፅ፦ «ቀስ በሉ፣ ልጅቱ እንዳትሰማ።»

ይህን ቃል ከዚህ በፊት በዚሁ በር ላይ ሰምቼዋለሁ።

የመጡት እማሆይ ወለተ ሥላሴና ሁለት የሰፈር ሴቶች ናቸው። በየማለዳው ለኪዳን ጸሎት የምንሄድ እኛው ነን። ሌላ ቀን ለብሼ በሩ ላይ እጠብቃቸዋለሁ፤ ከውስጥ ሆኜ ሰምቻቸው አላውቅም። በጥቅምት ልጅቱ እንቅልፍ ስታጣ፣ እባካችሁ በሹክሹክታ አድርጉት ያልኋቸው እኔ ነኝ። እማሆይ ድምፃቸው የደወል ነው፤ ለኔ ብለው አፍነው ይዘውታል።

የእናቷም መርዶ የመጣው እንዲህ ነበር። ምራቴ አዲስ አበባ ታክማ እዚያው ስታርፍ ሰዎች ጎሕ ሲቀድ እዚህ በር ላይ ተሰበሰቡ። ወጉ ነው፤ መርዶ ለባለቤቱ የሚነገረው ቀኑ ሳይጀምር ነው። ያን ጊዜም «ቀስ በሉ፣ ልጅቱ እንዳትሰማ» ተባለ። ትርንጎ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ተኝታለች ብለን ነበር።

ወደሷ ዞርሁ። «በየቀኑ የደሳለኝን መርዶ ይዘው የመጡ ይመስለኛል» አለች። «እርስዎ ወጥተው ሲሄዱ ደግሞ ሊያለቅሱ የሄዱ ይመስለኛል።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ብጠይቅ እውነት ቢሆንስ?»

አላለቀስሁም ብዬ ብጽፍ ሦስተኛው ሐሰት ይሆናል። ደጅ እማሆይ ጥቂት ጠብቀው፣ አሁንም በሹክሹክታ፣ «ምነው ዛሬ?» እያሉ ሄዱ።

ዐርብ፣ ኅዳር 16

ዛሬም ከአልጋ አልወረድሁም። ሹክሹክታው ሲመጣ እጇን ይዤ «እማሆይ ናቸው፤ ሌላ ማንም የለም» አልኋት። ፀሐይ ሲወጣ እማሆይ ዘንድ ሄጄ ነገሩን አስረዳሁ። ደረታቸውን መቱ። «እኔ ነኝ መርዶ ነጋሪዋ?» አሉ። ከነገ ጀምሮ ከአጥሩ ማዶ በሙሉ ድምፅዎ ይጥሩን አልኋቸው። «በሙሉ ድምፄ?» ብለው ጠየቁ። ዓይናቸው በራ።

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሄድን። ነርሱ ትንፋሿ ሲያጥር ቀስ ብላ እንዴት እንደምታወጣው አሳያት፤ እኔንም አብሬ እንድለማመድ አደረገኝ። በኔ ዕድሜ መተንፈስ ተማርሁ። ፍርሀቱ በአንድ ጊዜ አይለቅም፤ በየዐርቡ ኑ አለ። ወዲያው የሚያድነው ነገር የለም፤ ቤት ውስጥ ግን ሹክሹክታ ይቅር አለ።

እዚያው በነርሱ ፊት ለትርንጎ ቃል ገባሁላት። የደሳለኝ ወሬ ክፉም ይሁን ደግ፣ በቀን፣ ፀሐይ ወጥቶ፣ ምሳ ከበላን በኋላ እኔው ራሴ እነግራታለሁ። ጎሕ ሲቀድ ማንም ምንም አይነግራትም። ሰው ወጉን አፈረሰች ይላል። ይበል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 17

እማሆይ ከአጥር ማዶ «የኪዳን ነው! ሌላ ነገር የለም! የኪዳን ነው!» ብለው ጮኹ። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተነሣ። የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቦ እየሮጠ መጣ። «ምን ተፈጠረ?» ሲል እማሆይ «ምንም አልተፈጠረም፤ የምጮኸው ለዚሁ ነው» አሉት። ግራ ተጋብቶ ቆሞ ቀረ።

ትርንጎ ደንግጣ ነቃች። እንደተማርነው ተነፈስን። ትንፋሿ ቀስ በቀስ ተስተካከለ። ከኪዳን ስመለስ ተኝታ አገኘኋት። ፀሐይ እስኪሞቅ አልቀሰቀስኋትም። ይህም በቤቴ ሆኖ አያውቅም።

አየነው አየ። «አንድ ቀን ነው» አለ። ስንቁን ቋጥሮ ጥግ አስቀምጧል።

እሑድ፣ ኅዳር 18

እማሆይ እንደ ትናንቱ ጮኹ። እኔ ነጠላዬን ሳነሣ ከብርድ ልብሱ ውስጥ የትርንጎ ድምፅ ወጣ፦ «ሰምተናል እማሆይ፣ ጆሮ አለን!»

ባለጌ መልስ ነው። ከመነኩሴ ጋር እንዲህ አይነጋገሩም። አልገሠጽኋትም። እማሆይም ደጅ ሆነው ሳቁ፤ ዳግም እንዳንስቅ ብለን ቤተ ክርስቲያን እስክንደርስ አልተያየንም።

ከቅዳሴ ስመለስ አየነው ስንቁን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። እኔን ሳይሆን እሷን ጠየቃት። «ትሄጃለሽ?»

«ዐርብ ቀጠሮ አለኝ» አለች።

ከዚያ ስንቁን ፈትቶ ዳቦውን ለእኛ ተወልን፤ ልጅቱ አትመጣም የሚል መልእክት ለጀልባው ሰዎች ሊሰጥ ሄደ። ሲወጣ «ለዐርቡ እኔ ልውሰዳት» አለኝ። ፈቀድሁ። በሩን እንዲያይልኝም ነገርሁት፤ ነርሱ ባለፈው «አእምሮ» ብሎ አቃንቶታል፣ «ሕክምና»ን ግን በሐመሩ ሐ መጻፍ ሲገባው አሁንም በሃሌታው ትቶታል። አንድ ቀን አንድ ፊደል ይበቃዋል።

ከደሳለኝ ወሬ የለም። ነገ ጎሕ ሲቀድ ምን እንደምትሆን አላውቅም። አሁን ከሰዓት በኋላ ነው፤ ትርንጎ በደጃፉ ፀሐይ ላይ መጽሐፏን ይዛ ተቀምጣለች። ከሐይቁ በኩል ጀልባው ለመነሣት ጮኸ። ልጅቱ ሰማች። ቀና አለች፣ ገጹን ገለበጠች፣ ማንበቧን ቀጠለች።