ከጃፓን መጣ ስለተባለው ዛር

ገዳሪፍ፣ ሱዳን፣ ጥር 2002 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ኑዕማን፣ የሰፈራችን ሐበሾች መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም በደኅና እንዳላችሁ ተስፋ እያደረግሁ፣ በተለይም ሰሞኑን በሻሽ አስረውት የሚሄዱትን ቀኝ ትከሻዎን አላህ እንዲያሽርልዎ እየለመንኩ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ይህን ደብዳቤ በማኅበሩ በር ላይ የለጠፍኩት ቢሮዎ ገብቼ ጊዜዎን እንዳልሻማ ብዬ ነው፤ እርስዎም ቢሆኑ በሰው በር መግባት እንደማይወዱ አውቃለሁ።

እንደሚያስታውሱት የእህቴ ልጅ ዳሊያ ከሻይ ቤቷ ጀርባ ባለችው ክፍል አንድ የጨዋታ መሣሪያ አስገብታ ነበር። የጃፓን ግዙፍ አውሬዎች፣ እሳት የሚተፋ እንሽላሊትና ፎቅ የሚያህል ሸርጣን፣ በቴሌቪዥን ውስጥ ከተማ እያፈራረሱ የሚደባደቡበት ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ሪሞቱን ጨብጦ ክንዱን ሲሰነዝር አውሬውም ይሰነዝራል። የማሽላ አጨዳ ጨርሰው ከዶካ እርሻዎች የሚመለሱ የመተማ ልጆች ሻያቸውን እየጠጡ፣ አሠሪው ገበሬ ያደረሰባቸውን በደል ሁሉ በሸርጣኑ ላይ ይወጡት ነበር።

አንደኛ፣ የቢሮዎ መስኮት ከዚያች ክፍል መስኮት ትይዩ ሲሆን ቴሌቪዥኑ ደግሞ ከመስኮቱ ሥር ስለተቀመጠ፣ ለእርስዎ የታየዎ ሰው ብቻ ነው፦ ወደ እርስዎ አፍጥጦ የሚወራጭ፣ «ልቀቀኝ!» እያለ የሚጮኽ ሰው። ወዲያው ዛር ነው ብለው ፈረዱ። ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ሻይ ቤቱ በር እንዳለው፣ በሩም ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት እንደነበር ባስታውስዎ ደስ ባለኝ፤ ዳሩ ግን መንገድ ተሻግሮ መጠየቅ ከሊቀመንበር እንደማይጠበቅ ይገባኛል።

ሁለተኛ፣ በወርኃዊው ስብሰባ ተነሥተው «የአገራችን ዛሮች አንሰዋት ከጃፓን አስመጣች፤ እኛ በማናውቀው ስም እየጠራች ታስነሣቸዋለች» ሲሉ ያደረጉት ንግግር ብዙ አስተምሮኛል። እኛ ለመኖሪያ ወረቀት በየቢሮው ስንንከራተት የምንኖር ሰዎች፣ ዛር ያለ ወረቀት ባሕር ተሻግሮ ገዳሪፍ መግባቱን ስንሰማ ቀንተናል።

ሦስተኛ፣ መሣሪያውን የዛር ዕቃ ነው ብለው ከወሰዱ በኋላ ሻይ ቤቱን በማኅበሩ ቁልፍ ቆለፉት። ቴሌቪዥኑን ግን ተዉት፤ ቴሌቪዥንስ እርስዎም ቤት ስላለ ይሆናል። ዳሊያ እናቷን የምትጦረው በዚያ ሻይ ነው። ከዚያ የባሰው ግን ስሟ ነው፤ ትናንት «ዳሊያ፣ እስቲ አንድ ሻይ» ይሏት የነበሩ ዛሬ ሲያዩዋት መንገድ ይቀይራሉ። እንግዳው የሚባለው ባለ ሎሪ ደግሞ «ውቃቢሽ ለመኪናዬም ይለመነኝ» እያለ ይሳለቅባታል። ይባስ ብሎ ሁለት እናቶች ገብስማ ዶሮ ይዘው መጥተው፣ «ለጃፓኑ ዛር ስጪልን» ብለው ደጃችን ላይ አስረውት ሄዱ። ዶሮው በጮኸ ቁጥር ልጅቱ ታለቅሳለች። እኔ በሰው ነገር ሁሉ ስስቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በዚህ ግን አልሳቅሁም።

አራተኛም ነበረኝ፤ ትከሻዎን አሰብኩና ተውኩት።

ልመናዬ አጭር ነው። ሻይ ቤቱን የቆለፉበትን ቁልፍ ይስጡን፤ ስሟንም በስብሰባ እንዳጎደፉት በስብሰባ ያንጹላት። ለጆሯችን ብቻ በሹክሹክታ የሚነገር ይቅርታ ይቅርብን፤ ስድቡ በድምፅ ማጉያ ነበርና።

ማኅበሩን ከባዕድ መናፍስት ሲጠብቁ መተኛት ላቃተዎ ለእርስዎ፣ ከተቆለፈው ሻይ ቤት ደጃፍ፣ ወንበሩ ውስጥ ስለቀረበት ቆሞ የጻፈ፣ ትሑት ታዛዥዎ፣

ያዕቁብ፣ የዳሊያ አጎት

ማስታወሻ፦ ዓርብ ከሰላት በኋላ በቤትዎ በኩል ሳልፍ መጋረጃው ተገልጦ ነበር። እኔም የእርስዎን ምሳሌ በመከተል በበር አልገባሁም። ዓይንዎን አፍጥጠው፣ ላብዎ እየወረደ፣ ቀኝ ክንድዎን ሲሰነዝሩ፣ ባለቤትዎ ወይዘሮ ራሒማም ከጎንዎ ሆነው «በለው ሸርጣኑን!» ሲሉ በመስኮት አየሁ። አብሮኝ የነበረ ሰው ጨዋታ ነው ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን የሊቀመንበሬን ፍርድ ስለማከብር ዛር ነው ብዬ ተከራከርኩት። ስለዚህ በመጪው ስብሰባ እርስዎ ቁልፉን ይዘው ካልመጡ፣ እኔ ገብስማውን ዶሮ ይዤልዎ እመጣለሁ።