ለሚ፣ ወደ ወርቁ የማልመለስበት ምክንያት

ወንድሜ ለሚ፣

ከተለየኸን ዘጠኝ ወር ሆነ። «ነፍስህን ይማር» ብዬ ልጀምር ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። አሁንም እንደተናደድኩብህ ነኝ።

እማዬ አሰላ የገዛንላት ቤት ገብታለች። ፎቶህን ሳሎን ሰቅላዋለች፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የምበላው። ጓደኞችህ ይመላለሳሉ። «የወርቁን ጉድጓድ የምታውቀው አንተ ነህ፣ ምራን» ይሉኛል። እምቢ ስላቸው ፈሪ ነህ ይሉኛል፣ ልክ አንተ ትለኝ እንደነበረው።

ፈሪ ብሆን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ተከትዬህ ጉጂ ድረስ ወርቅ ፍለጋ አልሄድም ነበር። ቀናን፣ ቤትም ገዛን። «በቃን፣ እንመለስ» ስልህ «ትንሽ ብቻ እንጨምር» አልክ። ዝናብ ጥሎ ባደረ ማግስት የጉድጓዱ ግድግዳ ተሰንጥቆ አገኘነው። «ዛሬ አይወረድም» አልኩህ። ሳቅክብኝ። ሁሴንን፣ ያን የአቦምሳ ሰው፣ የቀን ሠራተኛችንን፣ «ካልወረድክ ሌላ ሰው አለ» አልከው። ሚስቱ እርጉዝ ነበረች፤ ሥራው ያስፈልገዋል። ዞር ብሎ አየኝ። ምን እንድል እንደፈለገ ገብቶኛል፤ ዝም አልኩ። ሁለታችሁም ወረዳችሁ፤ እኔ ላይ ሆኜ ገመዱን ያዝኩ። አፈሩ ሲናድ ገመዱ እጄ ላይ ላላ።

አንተን ሁሩታ ስንቀብርህ አገር አለቀሰልህ። ለሁሴን ለቅሶ አቦምሳ ግን ብቻዬን ነው የሄድኩት። የሁሴን ሚስት ከድጃ አራስ ነበረች።

«ማነው ውረድ ያለው?» አለችኝ።

«ወንድሜ።»

«አንተስ የት ነበርክ?»

«ላይ።»

በሩን ዘጋችው።

የተውኩት ለዚህ ነው። ወርቁ አላለቀም፤ የት እንዳለም አውቃለሁ። ግን እንደዚያ ያለ ደጅ ዳግመኛ መቆም አልችልም። አሁን የአባባን ማሳ ስንዴ ዘርቼበታለሁ። ጓደኞችህ ይስቁብኝ።

እማዬ መቃብርህ ላይ «ደጉ ልጄ» ብላ ማጻፍ ትፈልጋለች። አልከለክላትም። እኔ ግን እስክሞት የማስታውስህ እንደነበርክ ነው። ወባ ሲጥለኝ ብርድ ልብስህን ደርበህልኝ ስትንቀጠቀጥ ያደርከውም አንተ ነህ፤ ሁሴንን ወደ ጉድጓዱ ያስገባኸውም አንተ ነህ። አንዱን ብዬ ሌላውን አልረሳልህም።

ታናሽህ፣ ቦንሳ