አባቴ ለኩባንያው የሰጠው ቃል

ሐሙስ

አባቴ እሺ ብሏቸዋል። እኔን ሳይጠይቅ!

ከአዲስ አበባ ቡታጅራ ገብቼ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ እናቴ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ሥራ አገኘህ አሉ» አለችኝ። የምን ሥራ? የሕግ ትምህርቴን የምጨርሰው ገና ክረምት ሲገባ ነው። ለአጭር ዕረፍት ነው የመጣሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአባቴ በርበሬ የሚገዛው ላኪ ኩባንያ የሕግ ሰው ይፈልጋል። ሥራ አስኪያጁ አቶ ግዛው ባለፈው ሳምንት በላንድሮቨር መጡ። ለአባቴ ካፖርት፣ ለእናቴ ነጠላ አመጡ። «ከማል ሲመረቅ የኛ ነው» አሉ፤ አባቴም ቃሉን ሰጠ። እሑድ ሊያስፈርሙኝ ይመጣሉ።

የትምህርት ቤታችን ደንብ ደግሞ ግልጽ ነው። ዲኑ ሰብስበውን አንብበውልናል። ቀጣሪ ተማሪን የሚያነጋግረው ግቢ ውስጥ፣ በጽሕፈት ቤቱ በኩል ብቻ ነው። ስጦታ የለም። ቤተሰብ ዘንድ መሄድ የለም። ከፋሲካ በፊት ቁርጥህን ንገረኝ ማለት የለም። ተማሪው ሁሉንም ሰምቶ ይምረጥ ነው የተባለው።

እኔ ደግሞ ለዳኝነት አመልክቼ መልስ እየጠበቅሁ ነው። እዚህ ከፈረምኩ ያ ቀረ ማለት ነው።

ዓርብ

ከጁምዓ ስንመለስ ጀመርኩት። «አባባ፣ ይሄን ነገር ዲኑ ይከለክላል» አልኩት።

ደንግጦ ቆመ። «ዲናችን? የት ላይ?»

የትምህርት ቤታችንን አለቃ ማለቴ እንደሆነ ሳስረዳው ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «እሱ ላንተ አለቃህ ነው። እኔ ቃል ሰጥቻለሁ። ነጋዴ ቃሉን ከበላ ምን ቀረው?»

እውነቱን ነው እኮ። ግን የኔም እውነት አለ።

ቅዳሜ

አባቴ በርበሬ ሊገዛ ማረቆ፣ ቆሼ ከተማ ሲወርድ አብሬው ሄድኩ። ከገበያው ወዲህ፣ መንገዱ ዳር፣ ደላሎች የገበሬውን አህያ እያስቆሙ ጆንያውን ሲፈቱ ደረስን። አንድ ሽማግሌ «ገበያ ልድረስ» ይላሉ፤ ደላላው ልጓሙን ይዞ አይለቅም።

አባቴ ከመኪናው ወርዶ ጮኸ። «ልቀቀው! ገበሬው የገበያውን ዋጋ ሳይሰማ መንገድ ላይ መግዛት ሐራም ነው፤ ነቢዩ ከልክለዋል። ባለ ዕቃው ገበያ ገብቶ ይምረጥ!»

ደላላው ለቀቀ። ሽማግሌው አህያቸውን ነድተው ሄዱ።

አባቴ ተመልሶ ሲቀመጥ እንደምንም ደፍሬ፣ «አባባ፣ እኔንም እኮ የያዙኝ መንገድ ላይ ነው» አልኩት።

ዞሮ ሳያየኝ መኪናውን አስነሳ። ያስቀየምኩት መሰለኝ።

እሑድ

አቶ ግዛው ውሉን ይዘው መጡ። አባቴ ካፖርቱንና ነጠላውን አጥፎ ፊታቸው አስቀመጠ። (እናቴ ነጠላውን ስትሰጠው ጥለቱን ደባብሳው ነበር። አሳዘነችኝ።)

«አቶ ግዛው፣ የኔ ያልሆነውን ቃል ነው የሰጠሁዎ» አለ አባቴ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ልጁን ከፈለጋችሁት ትምህርት ቤቱ ሄዳችሁ ከሌላው እኩል ጠይቁት።»

አቶ ግዛው ፊታቸው ተለዋወጠ። «ታዲያ የዘንድሮውን በርበሬ ለማን ሊሸጡት ነው?»

«ሪዝቅ ከአላህ ነው፤ እንጀራ የሚሰጥ እሱ ነው።»

ዝም ብል አባቴን ብቻውን መተው ሆነብኝ። «ሥራውን ጠልቼ አይደለም» አልኳቸው። «ደንቡ ነው። ግቢ ቢመጡ በደስታ እሰማዎታለሁ። ለሌላም አልፈረምኩም።»

ትክ ብለው አዩኝ። «ደንቡ ለትልልቆቹም ነው? ለመንግሥት መሥሪያ ቤትም?»

«ለሁሉም ነው፣ ጌታዬ። ቀድሞዎት የሚያስፈርመኝ የለም።»

ወረቀታቸውን አጠፉ። «እንግዲህ እኛም ወረፋ እንይዛለና» አሉ፤ ፈገግታ ቢጤም ነበረችበት። ስለ በርበሬው ግን ምንም ሳይሉ ሄዱ።

ሰኞ

ይህን የምጽፈው አውቶቡሱ ጎማ ፈንድቶበት መንገድ ላይ ቆመን ነው።

ጠዋት አባቴ ሊሸኘኝ ወጣ። መንገድ ላይ፣ «ለመሆኑ አንተ ምን መሆን ነው የምትፈልገው?» አለኝ። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ነገርኩት። አምና ፍርድ ቤት ያየሁትን፣ አማርኛ የማይሰማ አንድ የማረቆ ገበሬ ለተባለው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ መሬቱን ሲያጣ፣ ዳኛውም አስተርጓሚ ይምጣ ሳይሉ ሲቀሩ። እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ እንደምፈልግ።

«ዳኛ ደግሞ ሩቅ ነው የሚመድቡት» አለ፤ ግን አልተቆጣም።

ዳኝነቱ ይሳካ አይሳካ አላውቅም። ኩባንያው በርበሬውን ይግዛ ይተው እሱንም አላውቅም። አባቴ ሌላ ገዢ አዲስ አበባ እንዳለ ሰምቷል፤ ሊሞክረው ነው።

ጠዋት አውቶቡሱ ከቡታጅራ ሲነሳ አባቴ ወደ መስኮቱ ተጠጋና እጄን ያዘ።

«ሁለቱንም በደንብ ስማቸው። የመረጥከውን ጻፍልኝ። እኔ ለሰው የምናገረው ከዚያ በኋላ ነው።»