ተታለልኩ አላልኩም

ውድ የልጄ አባት፣

እንደምን ሰነበትክ አልልህም፤ የቀበርኩህ እኔ ነኝ። ዛሬ ፍርድ ቤት ቆሜ የተናገርኩትም ይህንኑ ነው፤ ልጅህ እስካሁን አኩርፋኛለች።

የስልክህ እስክሪን ሲሰነጠቅ ፎቶዎችህ እንዳይጠፉብኝ ብዬ መንገድ ማዶ ላለው ስልክ ጠጋኝ ወሰድኩት። «የባለቤቴ ነው» አልኩት፤ የሚስጥር ቁጥሩንም ነገርኩት። መሞትህን ግን አልነገርኩትም፤ ለማያውቁኝ ሰዎች መናገር አሁንም ይከብደኛል። ሰውየው መልእክቶቻችንን አንብቦ፣ አካውንትህን ወደ ራሱ ስልክ አዛውሮ ኖሯል። ርቀህ የሄድክ መስሎታል። አንድ ቀን «አንቺ ሴትዮ፣ በላሽ ወይ?» የሚል መልእክት ከአንተ መጣልኝ።

ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር። እጄን ጠረግኩና «በላሁ» ብዬ መለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ይጠይቀኛል፣ እመልሳለሁ። ካርድ አለቀብኝ ሲል እልክለታለሁ። አንተስ መቼ ካርድ ኖሮህ ያውቃል? ልጅህ መልእክቶቹን አይታ ደነገጠችና ጠጋኙን ከሰሰችው።

ዐቃቤ ሕጓ ደግ ሴት ናት። «የማታለል አንቀጹ ድሮ የተጻፈ ነው፤ ለስልክም ይሠራል» አለችኝ። «የተታለለ ሰው ግን ያስፈልገዋል። እርስዎ ነዎት።» ልጅህም «እማ፣ አንድ ቃል ናት፤ ምን ይጎድልብሻል?» አለችኝ።

ችሎት ላይ የጠጋኙ ጠበቃ ተነሣ። «ባለቤትዎ መሞታቸውን ያውቁ ነበር?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ የሚጽፍልዎ ማን መሰለዎት?»

ልዋሽ አፌን ከፈትኩ። አንተን በሐሰት ማስመስከር መሰለኝና ተውኩት። «ማንም አልመሰለኝም» አልኩ። «በላሽ ወይ የሚለኝ ሰው ስለሌለ ነው የመለስኩት።» እንዲህ ብቻዬን መሆኔን ልጅህም ያን ጊዜ ነው የሰማችው።

የማታለል ክሱ ወደቀ። ዳኛው ግን መነጽራቸውን አውልቀው ሌላውን ክስ አነሡ፤ የሰው ደብዳቤ ከፍቶ ማንበብን የሚከለክለውን አሮጌ አንቀጽ። ጠበቃው «ፖስታ የለ፣ ማሸጊያ የለ፤ ቁጥሩንም የሰጡት ራሳቸው ናቸው» ብሎ ተከራከረ።

«ቁጥሩ ማሸጊያው ነው» አሉ ዳኛው። «እስክሪን ቀይር የተባለ ሰው፣ ደብዳቤ አንብብ አልተባለም።»

ተፈረደበት። አካውንትህም እንዲዘጋ ታዘዘ፤ ይህንን አልጠበቅኩም ነበር።

ሲወስዱት በአጠገቤ አለፈ። «እማማ፣ እኔ እኮ ባለቤትዎ በሕይወት ያሉ መስሎኝ ነው» አለኝ። ከሁለታችን የተታለለውስ እሱ ነው። ልቆጣው ፈለግኩ፣ ቁጣው አልመጣልኝም።

አካውንትህ ስለተዘጋ በወረቀት ጻፍኩልህ። ፖስታውን አሽጌ፣ በሩ ጀርባ በተሰቀለው ኮትህ ኪስ ውስጥ እከተዋለሁ። ከተመለስኩ ጀምሮ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ አያታለሁ። ዛሬ ምሳ አልበላሁም።

«አንቺ ሴትዮ» የምትላት፣
ሚስትህ