አባባን ያስቆምኩበት ዓረብኛ

ይድረስ ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ ለሃዊ ደቻሳ፣ ኩዌት።

እህቴ፣ እንዴት ነሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ክረምቱን ያስቸገረሽ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ደህና ነኝ እያልሽ ነው? የምትሠሪላቸው ሰዎች፣ ልጆቹ፣ ያቺ የምትጦሪያት አሮጊት እንዴት ናቸው? አብራሽ ያለችው ጀናስ? እንቅልፍ ይበቃሻል? ሙቀቱ በረድ አለላችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ድካም ብቻ ነው። የሚያመኝ ነገር የለም፤ ግን ጠዋት ስነሳ ሌሊቱን ሸክም ስሸከም ያደርኩ ይመስለኛል።

በስልክ እየተገናኘን ምን ደብዳቤ አስጻፋት ትዪ ይሆናል። በስልክ ስናወራ አባባ አጠገቤ ናቸው። ድምፁን ከፍ አድርጊው ይላሉ፣ ከዚያ እኔ ምን ሆኛለሁ፣ አንበሳ ነኝ ይሉሻል፣ አንቺ ትስቂያለሽ፣ እኔም እውነቱን ልነግርሽ አልችልም። ስለዚህ እዚያው የምትሠራው ቡርቱካን ፈቃዷን ጨርሳ ወደዚያው ልትመለስ መሆኑን ስሰማ ይህን በእጇ ልልክልሽ ወሰንኩ። ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው። ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽና ልገላገል። ከጥምቀት በኋላ ለሰላም ማስከበር ከአገር ልወጣ ነው። አንቺ ደግሞ ውሉን ለሁለት ዓመት ላድስ ነው ብለሽናል። ሁለታችንም ከሌለን አባባ ከማን ጋር ይሆናሉ? የምጽፍልሽ ለዚህ ነው።

ነገሩ የጀመረው ግንቦት ላይ ነው። ከየክፍሉ የተመረጥን ወታደሮች ዓረብኛ እንድንማር ታዘዝን። እዚያ ሴቶቹን የምታነጋግርና የምትፈትሽ ሴት ወታደር በብዛት ትፈለጋለች ተባለ። እህትሽ ሃምሳ አለቃ ሊሚ በዚህ ዕድሜዋ ደብተር ታቅፋ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። መምህራችን ሩቅያ ትባላለች፤ ሲቪል ናት፣ አዲሱ ገበያ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ ነጋዴ ልጅ። ታጋሽ ሴት ናት፣ ግን እኛ ፈተንናት። ምክንያቱም አናወራም። ወታደር አለቃው ሳይናገር ምን ብሎ ይናገራል? ፊት ለፊት አንድ ሻለቃ ይቀመጣሉ፤ መምህርት ስትጠይቅ ሁላችንም የእሳቸውን ማጅራት እናያለን። እሳቸው ካልመለሱ አንመልስም። ከተሳሳቱ ያንኑ ስህተት በኅብረት እንደግመዋለን። ገብቷችኋል? ስትል መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ ገብቶናል! እንላለን፤ በተለይ ምንም ያልገባው ሰው ድምፁ ከሁሉም ይበልጣል። በመጨረሻ ምርር ሲላት ወንበሮቹን በክብ አስደረገቻቸው። ሻለቃውም ራሳቸው ሳቁና ወንበራቸውን አንስተው ከመሃላችን ገቡ። ማጅራታቸው ሲጠፋብን ትንሽ ትንሽ መናገር ጀመርን።

በቅድሚያ የተማርነው ትእዛዝ ነው። ቁሚ፣ ተቀመጪ፣ እጅሽን አንሺ፣ ክፈቺው፣ ከየት መጣሽ፣ ወረቀትሽን አሳዪኝ። አንድ ቀን ይህን ስንደግም አንቺ ትዝ አልሽኝ። አንቺስ እዚያ እንደደረስሽ መጀመሪያ የለመድሽው ዓረብኛ ምን ነበር? ይሄው አይደል? እኔ ለማለት የምማረውን አንቺ ስትባዪው የኖርሽ መስሎ ተሰማኝና ደብተሬን አጠፍኩ። መምህርት ምን ሆንሽ ስትለኝ አሞኝ ነው አልኳት። ቋንቋውን እንዴት ለመድሽው እያልኩ በስልክ ስነዘንዝሽ ለምን ወሬ እንደምትቀይሪ ያን ቀን ገባኝ። አሁንም መልሺልኝ አልልሽም።

ቤት ውስጥ የሚያለማምደኝ ሰው አልነበረኝም። አባባ ብቻ ናቸው ያሉት። ከስትሮኩ ወዲህ ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው እንደ ድሮው አይታዘዙላቸውም፤ ለጳውሎስ ሆስፒታል ቀጠሮ የማደርሳቸው፣ የማለብሳቸው፣ ሸሚዛቸውን የምቆልፍላቸው እኔ ነኝ። ጮክ ብዬ ሳነብ ሰሙኝና ምን እያልሽ ነው አሉ። ስነግራቸው እንግዲያው መንገደኛው እኔ ልሁን አሉኝ። ታውቂያለሽ፣ ዕድሜያቸውን የፈጁት የትምህርት ቤት ዘበኛ ሆነው ነው፤ ሰው ማስቆም ድሮም ይወዳሉ፣ አሁን ተራው የእሳቸው ሆነ። ከዘራቸውን ይዘው ከጓዳ ይወጣሉ፣ በዓረብኛ አስቆማቸዋለሁ፣ ጋቢያቸውን ይገልጣሉ፣ ቀኝ እጃቸውን ያነሳሉ። ግራው መንገድ ላይ ይቀራል። ይቺ ፈቃድ ላይ ናት ብለው ይስቃሉ። ሲያልቅ ክርናቸውን ይዤ አስቀምጣቸዋለሁ። ፍተሻችን ሁልጊዜ የሚያልቀው በዚህ ነው፣ እጄም ይህንኑ ለመደ። እማዬ ካረፈች ወዲህ እንደዚያ ስቀው አይቻቸው አላውቅም።

መስከረም ላይ የቃል ፈተና ደረሰ። ግቢው ውስጥ ገመድ ተወጥሮ ኬላ ተሠራ። መንገደኛ ሆነው እንዲመጡልን የተለመኑት የመምህርት ሩቅያ እናት ናቸው። ደከም ያሉ እናት፣ ጀርባቸው ላይ ትልቅ ጓዝ አዝለው፣ እያነከሱ መጡ። እኔ ከርቀት ማስቆም፣ መጠየቅ፣ ጓዙን መሬት አስቀምጠው እንዲፈቱ ማዘዝ ነበረብኝ። ቃሉ ሁሉ ምላሴ ላይ አለ። ምን ልበልሽ፣ እግሬ ቀድሞኝ ሄደ። ጓዙን ተቀበልኳቸው፣ ክርናቸውን ያዝኩ፣ ገመዱን ዝቅ አድርጌ አሳለፍኳቸውና ጥላ ያለበት ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው። አንዲት ቃል ዓረብኛ ከአፌ አልወጣችም። እሳቸውም የመጡበትን ረስተው እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። ጓደኞቼ በሳቅ ሞቱ። ፈታኙ ግን አልሳቁም። ጓዙ ውስጥ ፈንጂ ቢኖር ኖሮ አንቺም፣ ከኋላሽ ያሉትም፣ እኚህ እናትም አሁን የላችሁም አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ወደቅኩ። ከእኔ በኋላ የገባው ኢስሐቅም ይለፉ እማማ ብሎ በአማርኛ አሳልፏቸው ወደቀ።

ማታ ስነግራቸው አባባ ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። ያበላሸሁሽ እኔ ነኝ አሉ። ከዚያ ወዲያ ልምምዱ ሌላ ሆነ። ክርናቸውን ልይዝ ስል ይመነጭቁኛል። ቁም ካልሽኝ አቁሚኝ፣ ጠይቀሽ እስክትጨርሺ እንዳትነኪኝ ይላሉ። እግራቸው እየተንቀጠቀጠ ቆመው ይጠብቁኛል። እኔ ቃል ፍለጋ በተንተባተብኩ ቁጥር እሳቸው ስለሚደክሙ ጥያቄውን ቶሎ ቶሎ ማውጣት ለመድኩ። አንደበቴ የተፈታው እንደዚያ ነው። ጥቅምት ላይ በድጋሚ ስፈተን እኚያው እናት መጡ። ፊታቸውን አላየሁም፣ ጓዙን ብቻ ነው ያየሁት። አስቆምኩ፣ ጠየቅኩ፣ አስፈታሁ። ሲያበቃ ጎንበስ ብለው ልብሳቸውን አንድ በአንድ ከመሬት ሲሰበስቡ ቆሜ አየኋቸው። ፈታኙ እጄን ጨብጠው አለፍሽ አሉኝ። መምህርት ሩቅያ ጎበዝ አለችኝና እናቷን ልትረዳ ሄደች።

ልሂድ ወይስ ልቅር እያልኩ ከራሴ ጋር ብዙ ተሟግቻለሁ። የቤተሰብ ችግር አለብኝ ብዬ ማመልከት እችላለሁ፤ ሻለቃውም ካመለከትሽ እደግፍሻለሁ ብለውኛል። እውነቱን ልንገርሽ? መሄድ እፈልጋለሁ። ከጳውሎስ ፋርማሲ ወደ ታክሲ ሰልፍ፣ ከሰልፍ ወደ ክፍል፣ ከክፍል ደግሞ የቁስቋምን ዳገት ወደ ቤት፣ ቤት ደግሞ አባባ። ሰው ላርፍ ብሎ ኬላ ላይ ሊቆም ይሄዳል? እኔን እንደዚያ ያሰኘኛል። በማሰቤ አፍራለሁ፤ ለአንቺ ካልነገርኩ ግን ለማን እነግራለሁ?

እንዲህ እያልኩ ልቤ ለመሄድ ሲያዘነብል፣ የቁስቋም ማርያም በዓል ዋዜማ ጎረቤታችን እትዬ ማሚቴ ቧንቧው ጋ አገኙኝና ጎትተው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። አባባ አስምለዋቸው ነበር፤ አልቻልኩም ልጄ፣ እዳው ለእኔ ይሁን ብለው ነገሩኝ። እኔ ወደ ትምህርት ስወጣ አባባ ይለማመዳሉ። ያለ ሰው ከአልጋ መነሳት፣ ከአልጋ እስከ ጓዳ፣ ከጓዳ እስከ ደጅ። በአንድ እጅ ሻይ ማፍላት፣ በአንድ እጅ ሸሚዝ መቆለፍ። መውደቅንም ይለማመዳሉ አሉኝ። ፍራሹን መሬት አውርደው ይጋደሙና ማንም ሳይደግፋቸው ለመነሳት ይታገላሉ። አንድ ቀን ከፍራሹ ውጭ ወድቀው፣ ጩኸት ሰምተው የደረሱት እትዬ ማሚቴ ናቸው። አባባም ለሊሚ ከነገርሽ ዓይንሽን አላይም አሏቸው። ግንባራቸው ላይ ያየሁትን ሰንበር የቁም ሳጥኑ በር ነው ብለውኝ ነበር፤ አመንኳቸው።

በማግስቱ ለንግሡ በኮንትራት ታክሲ ዳገቱን ወጣን። ቅጥሩ በር ላይ ስንደርስ አንቺ እዚህ ቁሚ አሉኝ። ያን ሁሉ ሕዝብ እየተጋፉ፣ ግራ እግራቸውን እየጎተቱ ብቻቸውን ገቡ። ልከተላቸው ፈለግኩ፤ አልተከተልኩም። ተሳልመው ሲመለሱ ፊታቸው በላብ ርሷል፣ ከንፈራቸው ደርቋል። አየሽኝ? አሉኝ። አየሁ አባባ አልኳቸው።

ሃዊዬ፣ እኔም እንድሄድ፣ አንቺም እንድታድሺ ብለው ነው። እኛን ለመሸኘት እየሠለጠኑ ነው። እኔ ወታደር ነኝ፣ ብዙ ሥልጠና አይቻለሁ፣ ይህን ግን ማየት አልቻልኩም። ውሉን አታድሺ፣ ነይ። በስልክ ደህና ነኝ የሚሉሽን አትመኚ። አንቺም የደከመሽ እንደሆነ፣ የማላውቀው ጉዳይ ያለብሽ እንደሆነ ግን አላስገድድሽም። አልችልም ብቻ በዪኝ፤ እኔ አመለክታለሁ፣ እቀራለሁም። አልቀየምሽም። ስማችን የሚጸድቀው ከታኅሣሥ ገብርኤል በኋላ ስለሆነ እስከዚያ መልስሽን እጠብቃለሁ። ከሁለታችን አንዳችን እዚህ መሆን አለብን።

እትዬ ማሚቴ አንገትሽን አቅፈው ስመውሻል፤ ልጃቸው ኦልያድ ቁመቱ ከእኔ በልጧል፣ ሰላም በዪልኝ ብሎኛል። መምህርት ሩቅያም ሳታውቅሽ ሰላምታዋን ልካለች። ጀናን ሳሚልኝ፣ ይህን ያደረሰችልሽን ቡርቱካንንም አመስግኚልኝ። አባባ ሰላም ብለውሻል ብዬ ግን አልጽፍም፣ መጻፌን አያውቁም። ዓረብኛ የማጠና መስሏቸው ደጅ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ የከዘራቸው ድምፅ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። እንዳልሰማ ሆኜ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀምጫለሁ። ከዘራው ዝም ባለ ቁጥር እኔም ብዕሬን አቆማለሁ፤ ሲንኳኳ እቀጥላለሁ።

ናፋቂ እህትሽ
ሊሚ ደቻሳ
ጉለሌ፣ ቁስቋም
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.